ጥንቃቄዎ ያሳሳው ሸክላ

ለተከበሩ የድምፅ ቤተ መዛግብት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ማክሰኞ የቢሮዎን ወለል የጠገንኩት ቪኒል አንጣፊ ነኝ፤ የእናቴ ዘፈን ያለበትን ሸክላ አንዴ ያሰሙኝ ብዬ ስድስት ዓመት ደጅ የጠናሁትም እኔው ነኝ። ይህን ቢያውቁ ኖሮ ለጥገናው ሌላ ሰው ያስጠሩ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

ስለተደረገልኝ ሁሉ እያመሰገንኩ የሚከተለውን አቀርባለሁ፦

፩. ሸክላው በዞረ ቁጥር የመርፌው ፍትጊያ ድምፁን ስለሚበላው፣ ያለውም ይህ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው መከልከሉን በማኅተም አስደግፈው ጽፈውልኛል። ታዲያ ይገልበጥልኝ ብዬ ብለምን፣ ለመገልበጥም አንድ ጊዜ መዞሩ አይቀርም ተባልኩ። ዕድሜዬን ከፍትጊያ ጋር ስታገል የኖርኩ ነኝና አምኜ ተመለስኩ።

፪. ወለልዎ ግን ሌላ ይናገራል። ቪኒል ዝም ብሎ አያልቅም፤ የሚመላለስበት ሲኖር ነው የሚያልቀው። በቢሮዎ ባለጉዳይ የሚቆምበት ቦታ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ከጠረጴዛዎ እስከ ሸክላ ማጫወቻው ድረስ ግን የወንበርዎ ጎማ ሲሚንቶው እስኪታይ ፍቆታል። ማጫወቻው እርስዎ ዘንድ የተቀመጠው «ለጥበቃ ሲባል» እንደሆነ ተነግሮኛል። ጥበቃ ይህን ያህል እንደሚያመላልስ አላውቅም ነበር።

፫. ማጫወቻውን ላነሳ ስል ሸክላው ላዩ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ሦስተኛው ዘፈን ብቻ በመርፌ ተፍቆ አመድ መስሏል። ሦስተኛው የእናቴ ነው። የጎረቤት ቢሮ ሰዎች እንዳጫወቱኝ ድሮ በግድግዳው የሴት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አሁን ጭርጭርታ ብቻ ነው። ሸክላውን ግን አልነካሁትም።

መናደዴን አልደብቅም። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ድምፅዋን አላውቀውም። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ታስታውሳለች፤ ሁለተኛው ግን ጠፍቶባታል፤ አሁን ደግሞ አልጋ ላይ ነች። ሁለተኛውን ስንኝ ከነዜማው የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጥተው እንዲያንጎራጉሩላት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጉሮሮ በፍትጊያ አያልቅም።

ደጅ በመጥናት ጫማዬን እንጂ ወለልዎን ለመጨረስ ያልታደልኩት፣
የሦስተኛው ዘፈን ልጅ

ማስታወሻ፦ ለአዲሱ ቪኒል የአሥር ዓመት ዋስትና ሰጥቼ ነበር። ከእንግዲህ ወደ ማጫወቻው የሚያስኬድዎ ነገር ስለሌለ፣ ሃያም ይቆያል።