በሬ ያልተጠመደበት ቅዳሜ

ሞጣ፣ ሐሙስ ሐምሌ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለማስተዋል ሀብተ ሥላሴ
ብቸና

ማስተዋልዬ፣ ሰላምታው ይቆየን። ይህችን ወረቀት የምታደርስልሽ አገሬ ናት፤ ከክረምት ተማሪዎቼ አንዷ፣ የእናንተው ሰፈር ልጅ። ከእጇ እንደተቀበልሽ መጀመሪያ ጸደንያን ከጓዳ አውጪልኝ። አልጋዋን፣ ልብሷን፣ ያችን የጨርቅ አሻንጉሊቷን ሳይቀር ወደ ፊት ቤት አምጪና ከዚያ ተቀምጠሽ አንብቢ። ልጅቷ ትውጣልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ እንደ ፈለግሽ ስደቢኝ።

አሁን እንደ ሰው እንነጋገር። እንዴት ነሽ? አባባስ እንዴት ናቸው፣ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ አለሁ፤ ይኼም መኖር ከተባለ። ስልክ ስደውል አታነሺም፤ ትናንት ደግሞ ጭራሽ ዘጋሽው። አልፈርድብሽም። በሄድሽበት ቀን እኔ የተናገርኩትን የተናገረ ሰው ለእኔም ቢደውልልኝ አላነሳለትም ነበር።

ትናንት ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከየገጠሩ የመጡ አስተማሪዎች መሆናቸውን ታውቂያለሽ። "የአካባቢ ሳይንስ መግቢያ" የሚለውን ኮርስ ሲጀምሩ ይኼ ደግሞ ምን ሊረባን ነው እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳሌው ሁሉ ማናችንም ያላየነው ፋብሪካና ሐይቅ ነው። ሞጁሉን ዘግቼ ስለ ጤፍ ማሳና ጎርፍ እየበላ ስለሚያሰፋው ቦረቦር ማውራት ስጀምር ነው ጆሯቸውን የሰጡኝ። ትናንት "ዘላቂነት" የሚለው ርዕስ ላይ ደርሰን፣ ሰሌዳው ላይ "የልጅን ድርሻ ሳይበሉ መኖር" ብዬ እየጻፍኩ ሳለ አገሬ እጇን አወጣች። ቤተሰቧን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ግንደወይን ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት፣ ገና ያን ዕለት መግባቷ ነበር።

"መምህር፣ ከመሪጌታ ጓዳ ጀርባ የተከልናት ችካል የለችም" አለችኝ።

"ማን ነቀላት?"

"የነቀላት ሰው የለም። መሬቷም የለችም።"

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ይዤው ደርቄ ቀረሁ። መሪጌታ አማቼ መሆናቸውን ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ የለማ። ቦረቦሩ ምን ያህል እንደሚገፋ ልለካባት ችካሏን ስተክላት፣ ከግድግዳው የነበራት ርቀት አንድ ሰው የሚጋደምበት ያህል ነበር። አሁን ቦረቦሩ ግድግዳው ሥር ደርሷል ማለት ነው። ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ የልጄ አልጋ ነው ያለው።

አገሬ ላንቺም ነግራሽ እንደነበር፣ አንቺም የመለስሽላትን አልደበቀችኝም። "ከቤቱ ብንወጣ እግዜር ፈረደባቸው ይሉናል፤ አባቴን በዚህ ዕድሜያቸው አላዋርዳቸውም" አልሽ አሉ። አባባም ወደ ጓዳው ጀርባ ማንም ዞሮ እንዳያይ ከልክለዋል። ማስተዋል፣ መሬት እኮ ማን ሰንበት እንደሻረ አያውቅም። ከሥሩ ውሃ ሲበላው ይሄዳል፣ በቃ።

ከተማሪዎቼ ጋር ቦዩን ስለቆፈርንበት ስለዚያ ቅዳሜ የሰማሽው ከጎረቤት ነው። ከእኔ አፍ ጩኸት እንጂ ነገሩን አልሰማሽም። ቅዳሜን የመረጥኩት ክፍል ስላልነበረን ነው፣ ሌላ ተንኮል የለበትም። የከተማ ልጅ ብሆንም ቅዳሜ እንደማይታረስ መች አጣሁት! ግን በሬ አልጠመድኩም፣ ዘር አልበተንኩም፣ የቆፈርኩት ቦይ ነው፤ ይኼማ ከሥራ አይቆጠርም ብዬ ለራሴ ራሴው ፈረድኩ። አባባ ለተዝካር ደብረ ወርቅ ሄደው ነበር። ሌላ አንድ ሽማግሌ እንኳ አልጠየቅሁም። ዲግሪ ያለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል!

ውሃ ጤፉ ላይ እንዳይተኛ ገበሬው ሁሉ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ፣ ከላይ ካሉት ማሳዎች ተጠራቅሞ ማረፊያው የአባባ ጓዳ ጀርባ ነው። እኛ ያንን ከላይ ጠልፈን ወደ ሣሩ መስክ መራነው። ማታውኑ ዘነበ። ውሃው እንደ ታዘዘ ልጅ በአዲሱ ቦይ ተከትሎ ሲሄድ አይቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰኞ ግን በረዶ ወረደ። የአባባን ማሳ ዘሎ የጎረቤታቸውን የአያ ሰማውን በቆሎ እንዳልነበረ አደረገው።

"ኃጢአቱ የእነሱ፣ ቅጣቱ የእኛ" አሉ ሰዎቹ። ቦዩን በገዛ እጃቸው ደፈኑት፤ ውሃውም ወደ ጓዳው ጀርባ ተመለሰ። አያ ሰማው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠርጋችን ላይ ከእኔ ዘመድ ይልቅ የጨፈሩት እሳቸው ናቸው። ግን ሰንበት የሻረው ሰው ራሱ ቀርቦ እስኪናገር ቦዩ አይከፈትም ብለው ማሉ። አባባም ሳያውቁት በተሠራ ነገር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተንበርክከው ሲለምኑ ዋሉ።

አንቺ የለመንሽኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሂድና ይቅርታ በላቸው ነው ያልሽኝ። እኔ ምን አደረግሁ? እራት ላይ ስለ ደመና አስተማርኩሽ! ሙቁ አየር ሲወጣ፣ ቀዝቃዛው ሲያገኘው፣ እያልኩ። በመጨረሻም "ባላመጣሁት በረዶ አልንበረከክም" አልኩ። "አባቴ ግን ባላደረጉት ተንበርክከዋል" ብለሽ ልጄን አዝለሽ ወጣሽ። 

ያልሞከርኩት የለም። አንድ የግብርና ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ብለምነው፣ ከክረምት በኋላ በዕቅድ ይያዛል አለኝ። ከክረምት በኋላ ምን ሊያዝ! ባለፈው ራሴ ብመጣ ከደጅ መለሳችሁኝ፤ ወደ ጓዳው ጀርባ እንኳ አላስዞራችሁኝም። ለዚህ ነው አገሬን ያስቀደምኳት። ነገ ጠዋት እህል የሚጭን አይሱዙ አለ፣ ጋቢናው ውስጥ የቀረው አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ነው። እኔ ብመጣ በሩን ትዘጊብኛለሽ፤ ለእሷ ግን ትከፍቻለሽ። እኔም መኪና ባጣ በእግሬ እከተላታለሁ።

እሑድ ገብርኤል ነው። ቅዳሴ ሲወጣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ከበሩ ላይ እቆማለሁ። "ሰንበት የሻርኩት እኔ ነኝ፣ በረዶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ መሪጌታ የሚያውቁት ነገር የለም" እላለሁ። አገሬም፣ አብረውን የቆፈሩት ልጆችም ቆመው ይሰሙኛል። ደመና እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብሎ ያስተማረን ሰውዬ ይኼ ነው? ይሉ ይሆናል። ይበሉ! ሰኞ ቦዩ ይከፈት እንጂ ፈተናው ላይ የፈለጉትን ይጻፉ። ድንጋዩንም ከበድ ያለውን ነው የምመርጠው፤ ይቅር ካሉኝ ቦረቦሩ አፍ ላይ ውሃውን ለሚገታ ክትር ይሆነናል። አየሽ፣ በዚህ መሀል እንኳ ቀልድ ያምረኛል። ልቤ ግን ቦታው ላይ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። መጀመሪያ ይህን ልላቸው ያሰብኩት እናንተን ለማውጣት ነበር፤ ውሸት ነው፣ ግን ይሁን ብዬ። ዛሬ ጠዋት ባዶ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አፌን ላሟሽ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ጨርሼ አልጨረስኩትም፤ አለቀስኩ። ውሸቱን የሚናገር ሰው እንደዚያ አያለቅስም። ከእንግዲህ ማን ትክክል እንደሆነ ከማንም ጋር አልከራከርም። እናንተ ከዚያ ቤት ከወጣችሁልኝ በረዶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እስከ እሑድ ግን ገና ነው። ከመስኮቱ ሳየው በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አባባ አልወጣም ካሉ ፊት ቤት ይደሩ፤ መጻሕፍቶቻቸውን ከጓዳው አውጪላቸው፣ መጻሕፍቱ ከወጡ እሳቸውም ይከተላሉ። ጸደንያ ለምን እዚያ አልተኛም ብላ ካስቸገረችሽ አባትሽ እየመጣ ነው በያት። እዚህ ድረስ ካነበብሽ ልጅቷ ፊት ቤት ናት ማለት ነው። ካልሆነች የቀረውን ተይውና ተነሺ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ቂርቆስን ከነእናቱ ከፈላ ውሃ ያወጣ ገብርኤል ልጄንና እናቷን ያውጣልኝ። ደጃችሁን ከክፉ ውሃ ይጠብቅልኝ፣ ዓይናችሁን ለማየት ያብቃኝ።

ባልሽ፣ ነኝ ካልሽኝ፣
አስናቀው

ማስታወሻ፦ አገሬ ወረቀቱን ሰጥታሽ እንዳትሄድ፣ አጠገብሽ ቆማ እንድትጠብቅ ነግሬያታለሁ። አልጋውን ብቻሽን አታነሺውም፤ በአንድ በኩል እሷ ትይዝልሻለች።