ኳሱን፣ ደረጃውንና ምንጣፉን ለወሰዱት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሙሉሃብት፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤
ላሊበላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ወገብዎ እንዳይያዝ፣ ከወንበርዎ ሲነሡ የሰው እጅ እንዳይሹ አጥብቄ እመኛለሁ፤ በጤና ጣቢያዎ ይህን የሚያክም ክፍል እንደሌለ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉና። እኔ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የዜማ መምህር ነኝ፤ ስትወለድ ምጡ ረዝሞ እግሮቿ ግትር የሆኑባት የሰባት ዓመቷ የንጋት አባትም ነኝ።

የሕፃናት የእንቅስቃሴ ሕክምና ክፍሉ ክፍት ሳለ፣ ረቡዕና ዓርብ ልጄን አዝዬ አመጣት ነበር። ባለሙያዋ ባንቺዓለም በአንድ በዓል ስናሸበሽብ አይታን ኖሮ፣ መቋሚያዬንና ጸናጽሌን ይዤ እንድመጣ ለመነችኝ። ንጋት መቋሚያውን ተደግፋ፣ ጸናጽሉን ለመንካት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ስታዘነብል፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሻገር ተማረች። እኔ እዘምማለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ ሌሎቹ ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። በመስከረም ትምህርት ቤት ለመግባት የተጠየቀችው ብዙ አልነበረም፤ ያለ ደጋፊ አግዳሚ ላይ መቀመጥና እስከ መጸዳጃው በራሷ መሄድ ነው። ለዚያ ጥቂት ሲቀራት እርስዎ ተሾሙልን።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ክፍሉን የስብሰባ አዳራሽ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ልጆቹ ሲወድቁ ይቀበላቸው የነበረው ወፍራም ምንጣፍ ዛሬ ከጠረጴዛዎ ሥር ተነጥፎ እግርዎን ከላስታ ብርድ ሲጠብቅ ባየሁ ጊዜ፣ የአንድ ሰው እግር እንኳ ተጠቀመ ብዬ ተጽናናሁ።

፪. ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው ሚዛን የሚለማመዱበትን ትልቁን ኳስ ለወጣቶች የእግር ኳስ ቡድን በይፋ ማስረከብዎን ሰምቼ ስለ ስፖርት ያለዎትን ዕውቀት አደነቅሁ። በዚያው ቀን እሾህ አጥር ላይ አርፎ ፈነዳ፤ ፎቶግራፉ ግን ቆንጆ ወጥቷል።

፫. መውጣትና መውረድ የሚለማመዱባትን የእንጨት ደረጃ፣ ከዞን እንግዶች በመጡ ዕለት የመድረክ መወጣጫ አደረጓት። በዚያች ደረጃ ላይ ልጄ አንድ እግሯን ለማንሣት ላብ ያጠምቃት ነበር። እርስዎ ግን በአንድ እጅዎ ወረቀትዎን፣ በሌላው ድምፅ ማጉያውን ይዘው ያለ አንዳች ችግር ወጡባት፤ ወጥተውም የሕፃናቱ ክፍል የተሟላ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን አበሠሩን። ልጄን አዝዬ ከኋላ ቆሜ ስለነበር፣ ለማጨብጨብ እጄ ባለመለቀቁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. ባንቺዓለምን ወደ ካርድ ክፍል ማዛወርዎም አስተዋይነት ነው፤ መምጣት ያቆሙትን ልጆች ካርድ ከእሷ በተሻለ ለይቶ የሚያወጣ የለም።

የቀረውን ቁጥር ሳልሰጥ ልናገር። የንጋት ጉልበቶች እንደገና ታጥፈው ቀርተዋል። እኔና እናቷ ማታ ማታ እናሻታለን፣ እንዘረጋታለን፣ ስትጮህ እንተዋለን፤ እስከ የት መዘርጋት እንዳለበት የምታውቀው ሴት ካርድ እየፈለገች ነው። ትምህርት ተጀመረ፣ ልጄ አልገባችም። ደጅዎ በመጣሁ ቁጥር ጥበቃው «የኔታ፣ ዛሬም ስብሰባ ናቸው፤ ምን ላርግዎ» እያለ አንገቱን ይደፋል። ቂም ይዤብዎታለሁ፣ ክቡር ሆይ። የንስሐ አባቴ ቂም ይዘህ ማኅሌት አትቁም፣ ይቅር በል ብለውኛል፤ ክፍሉ የተከፈተ ዕለት ይቅር እላለሁ ብዬ፣ ለገና እንኳ ቤዛ ኩሉ በሚዘመርበት በማሜ ጋራ ላይ ሳልቆም ቀርቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለ ገና አላለፈብኝም።

አሁን እንግዶቹ እርስዎ ያወሩላቸውን ክፍል ሊጎበኙ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመለሱ ሰማን፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ቃልዎ በእንግዶች ፊት ሐሰት እንዳይሆንብዎ ብለን፣ እኛ ወላጆች ልጆቻችንን ይዘን ማለዳ እንገኛለን። የልጇን አንገት ለማጽናት ትመላለስ የነበረችው ዓይናዲስም ከብልባላ ልጇን አህያ ላይ አስቀምጣ ትመጣለች። ሕፃናቱን የምናስተኛቸው ምንጣፉ ባለበት ነውና፣ ጠረጴዛዎን በጊዜ ቢያነሡልን ደግ ነው። ከበሮውን እኔ አመጣለሁ።

ለሹመትዎ ረጅም ዕድሜ ልመኝ ብል ብዕሬ እምቢ ስላለኝ፣ ለራስዎ ብቻ ረጅም ዕድሜና ጽኑ ጉልበት እየተመኘሁ፣ ከተዘጋው በርዎ ፊት ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ
የንጋት አባት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ «ይቺ ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሱን ስላዘገየሁብዎ ይቅርታ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለወላጅ እናትዎ ለወይዘሮ አሰለች ተልኳል። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ፣ በመጪው የገበያ ቀን ንጋትን እሳቸው ወደሚቀመጡበት የብልባላ ገበያ ወስጄ ከጎናቸው አስቀምጣታለሁ፤ እሷም ታነብላቸዋለች። ፊደሉን ከተማሪዎቼ ጋር ጭኔ ላይ ተቀምጣ ጨርሳዋለች። ድምፅዋ የአባቷ ነው፤ ገበያው ሁሉ ይሰማታል።