አንቀጽ ፈልግለት

ጅግጅጋ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1975

ደሜ አሁንም እየፈላ ነው። "ክረምቱን ፍርድ ቤት ተለማመዱ፤ የዜጋ መብት እንዴት እንደሚጠበቅ እዩ" ብሎ የላከን ዩኒቨርሲቲ የዛሬውን ባየ!

አቶ ወርሰሜ የሚባሉ ሽማግሌ ችሎት ቀረቡ። ወንድማቸው ኮንትሮባንድ ጨርቅ ጭኖ ሲሄድ ከባቢሌ ኬላ አመለጠ። እሱ እስኪገኝ እሳቸው ታሰሩ። "እሳቸው ምን አጠፉ?" ብዬ ያሰራቸውን መቶ አለቃ ጠየቅሁት።

"በሶማሌ ባህል ወንድም የወንድሙን ዕዳ ይከፍላል። ባህላቸውን ነው ያከበርንላቸው" አለኝ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

ሽማግሌው ሰምተው ሳቁ። "ልጄ፣ እኛ ግመል እንከፍላለን እንጂ ሰው አናስርም" አሉት።

ዳኛው ግን ወደ እስር ቤት መለሷቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ የሕግ ተማሪ አይደለህም እንዴ? እስከ ነገ ጠዋት ለእስሩ አንቀጽ ፈልግለት" አሉኝ። ሽማግሌው ከታሰሩ በኋላ!

ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። የለም። ከየት ይመጣል? ነገ "አንቀጽ የለም" ብዬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ያኔ ለእኔ አንቀጽ አያጡልኝም።