ማንም ያልበላበት ሳህን

ወንድም ጋሼ ማናሔም፣ ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ኢየሩሳሌም ደጅህን ያንኳኳ። እናታችንን ጉልበቷን ተሻላት?

አንጾኪያ ደህና ናት። ዘንድሮ ወይራው ፍሬ ይዟል። ከእናንተ ዘንድ የተላኩት ወንድሞች ትናንት ደርሰው፣ «ከአሕዛብ ወገን ያመነ ሰው መገረዝ የለበትም፤ ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል» ብለው በጉባኤ ሲናገሩ ግሪኮቹ በደስታ ተቃቀፉ። አንተም ተስማምተሃል አሉኝ። ደግ አደረግህ። እኔ ግን ማንንም ሳልሰናበት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ስትመጣ፣ «ያልተገረዘ ሰው ማዕድ አልቀርብም» ብለህ በር ላይ ቆመህ የራስህን በለስ እንደበላህ፣ ባሌ ኒካንድሮስ አልረሳውም። «ወንድምሽ እኮ እንደ እስረኛ ጠያቂ በበር ነው የሚያየን» እያለ ይስቅ ነበር። ኋላ ማንም ያልበላበት አዲስ ሳህን ገዛልህ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሳይነግረኝ ሄዶ ተገርዞ መጣ። «አሁንስ ምን ሰበብ ያመጣ ይሆን?» አለኝ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

አሁን ተኝቷል። የቁስሉን ጨርቅ እኔ እቀይርለታለሁ። መረቅ ሳቀርብለት፣ «ቆይ፣ ማናሔም ይምጣና አብረን እንበላለን» ይለኛል። ከትናንት ወዲህ ትኩሳቱ ጠንቶበት በእናቱ ስም ነው የሚጠራኝ። ሐኪሙም ዛሬ ምንም መድኃኒት ሳያዝዝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። መልእክተኞቹ ያሉትን ለኒካንድሮስ አልነገርኩትም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም በልልኝ። ሳህንህን አጥቤ ከራስጌው አስቀምጬዋለሁ። ስትመጣ ስንቅ አትያዝ፤ ስንቅ ማሰናዳት ያዘገይሃል።

እህትህ ሰሎሚት