ሰፌድና ሰሃን ከቤት አይወጡም

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ እንደ ቀኑ ነው።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ትረግሚዋለሽ ወይስ ታርቃችኋል? ወገብሽስ? እንቅልፍሽስ? ዓይንሽን ለኋላ አቆይቼዋለሁ፤ እሱ ብቻውን ብዙ የሚያነጋግረን ጉዳይ አለው። የአባዬስ ሳል ለቀቀው? መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ እንደ ድሮው ምላሱ ሥር ደብቆ አበባው ላይ ይተፋዋል? አበባው ሳያስለው እንደሰነበተ ከሰማሁ መልሱን አወቅሁት ማለት ነው። እኛ፣ እኔም ባለቤቴም አክስቴም፣ ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን ነገር የለም ልል ነበር፤ ሶፋ ጎድሎናል፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ይህን ጮክ ብለህ የምታነብላት ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ሰላም ነህ? አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እንዳትዘል። እሷ ፊቷን ስታጠቁር አንተ ገጽ እንደምትገለብጥ አውቃለሁ። ደስ የማይላት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅህን ሳትቀንስ አንብብ። ከፈራህ በሩ ላይ ቆመህ ብታነብም አልቀየምህም።

እማዬ፣ መልእክትሽ በዚሁ ቃል አቀባይሽ በኩል ደርሶኛል። «ያ ጅራቱ መርዝ ያለበት አውሬ ከዚያ ቤት ካልወጣ እግሬን አላነሳም፤ ወይ እኔ ወይ እሱ ትምረጥ» ብለሻል አሉ። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ካንቺ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አልተወለደም፤ ልትሸነፊ ስትይ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። ስለዚህ መልሴ ይኸው፤ እነሱም አይወጡም፣ አንቺም አትቀሪም።

በመጀመሪያ አውሬ አይደሉም፤ ዓሣዎች ናቸው። ሁለት ናቸው። አመጣጣቸውም እንዲህ ነው። ባለቤቴ መጋረጃ ሰፊ አይደል? አንድ ሰው አዲስ ቤት ገዝቶ መስኮቱን እንዲለካለት ጠራው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሄደ። የድሮው ባለቤት ደግሞ ዕቃውን ጭኖ እየወጣ ነበር። ሁሉም ነገር ተጭኖ አንድ ግዙፍ የመስታወት ገንዳ ብቻ ቀርቷል፤ ውስጡም ስቲንግሬይ የሚባሉ ጠፍጣፋ የወንዝ ዓሣዎች ነበሩ። ሰውየው «የሚወስዳቸው ካለ ይውሰድ፤ ከሌለ መብራቱን አጥፍቼ እሄዳለሁ» አለ። የእኔ ባል እምቢ ማለት የሚባል ነገር ሲታደል የት እንደነበረ አላውቅም። መስኮት ሊለካ ወጥቶ ሁለት ዓሣ፣ ጎረምሶች ተጋግዘው እያቃሰቱ የሚሸከሙት ገንዳ፣ ጥፋቱን የጨረሰ ሰው ፊት ይዞ ተመለሰ።

ገንዳው ሳሎን ሲገባ ሶፋው ኮሪደር ወጣ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ፊት ለፊት በተርታ ይቀመጣል። የላይኛዋ ጎረቤታችን ባለፈው መጥታ ትንሽ ቆየችና «ዶክተሩ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሴቲቱን ሰፌድ፣ ወንዱን ሰሃን ብለናቸዋል፤ ብታያቸው ሌላ ስም አታወጪላቸውም። ዓይናቸው ከላይ፣ አፋቸው ከሥር ነው፤ የሚበሉትን አያዩም፣ የሚያዩትን አይበሉም። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ለብሰው ይተኛሉ፤ ዓይናቸው ብቻ ብቅ ብሎ ቤቱን ይቆጣጠራል። መስታወቱን ተደግፈው ሲነሱ ሆዳቸው ላይ ፊት የመሰለ ነገር ይታያል፤ ቁርጥ «ነገ ተመለሱ» እያለ ፈገግ የሚል የቢሮ ሰው።

እሾሁስ ካልሽ አልዋሽሽም፤ ጅራታቸው ላይ እሾህ አለ፣ መርዝም አለው። ግን የሚወጉት ሲረገጡ ወይም ሲጨበጡ ብቻ ነው። አንቺ ሳትነኪ ስንቱን እንደወጋሽ ሳስበው ከነሱ ይልቅ የምፈራው ማንን እንደሆነ ራስሽ ፍረጂ። ወንድሜ፣ ይቺንም አንብብ። ደግሞም ገንዳው ከላይ ይዘጋል። እጃችንን ስናስገባ እነሱ የት እንዳሉ አይተን፣ በቀስታ ነው። ማዘዋወር ካስፈለገ በመረብ አይደለም፣ እሾሁ ይያዛል፤ ሳፋ ውሃው ውስጥ አስገብተን ከነውሃው እናነሳቸዋለን።

አያያዛቸው ከሙሽራ አያያዝ አይተናነስም። ሆዳቸውን እንዳይፍቀው አሸዋው የደቀቀ መሆን አለበት፤ ሹል ድንጋይ ክልክል ነው። ውሃ ማሞቂያው በፕላስቲክ ወንፊት ተሸፍኗል፤ አለዚያ ላዩ ላይ ተኝተው እስኪቃጠሉ አይነቁም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ በጠብታ ሳይወገድ አይገባላቸውም። ትል፣ ሽሪምፕ፣ የተከተፈ ዓሣ ይበላሉ። ሲበሉ ደግሞ እንደ ጉድ ነው፤ የበሉትም በዚያው ልክ ይወጣል። ያንን ቆሻሻ የሚያስወግደው ከገንዳው ሥር ያለው ማጣሪያ ነው። ስፖንጆቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ ሥራቸው የዓሣውን ቆሻሻ መርዝ ማጥፋት ነው። ስፖንጁ ጭቃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ያ ጭቃ የቤቱ ዋና ሠራተኛ ነው፤ ታጥቦ ከጸዳ ሥራ ለቀቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ አክስቴ እንምጣ። እኔ ላውንደሪው ውስጥ የሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ ባለቤቴ መጋረጃ እየሰቀለ፣ እሷ ልትጠይቀን መጥታ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሥራ አጣች። አብራሽ ያደገችው እህትሽ፣ ሳሙናውን ራሱን አጥባ የምትታጠብበት ሴት፣ የገንዳውን ሥር ከፈተች። በራሷ ምስክርነት፣ ያየችውን ስታይ ጮኸች። ከዚያ ስፖንጆቹን መታጠቢያ ቤት አስገብታ በፈላ ውሃና በበረኪና አሸቻቸው፤ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ደጋግማ አለቀለቀቻቸው፤ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመትታ አድርቃ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ስንገባ የልጇን ዲፕሎማ እንደምታሳይ እናት «ኑ እዩ!» አለችን። እንደ ጥርስ ነጥተዋል። ባለቤቴ ሶፋ ስለሌለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለውን ጥፋት ዓለም ላይ ከኛ ቤት ሰው በቀር የሚሠራው የለም። ሌላ ሰው ዓሣውን በስንፍና ይገድላል፤ እኛ በጽዳት።

ብዙም አልቆየ፣ የውሃ መመርመሪያው ጠብታ ቢጫ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ሆነ፤ የቆሻሻው መርዝ ውሃው ውስጥ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ሰፌድ ምግብ ተወች። ከዚያ ጠርዟ ዙሪያውን ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ፤ ይህ በነሱ ዘንድ የጣር ምልክት ነው። አክስቴ የደወለችልሽ ያን ጊዜ ነው። «አውሬው ተቆጥቶ ሊወጋን እየተነሳ ነው» ብላሻለች። አልተቆጣችም እማዬ፤ ታማ ነበር።

የገንዳ ዓሣ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ባለሱቋ ቁጡ ሴት ናት፤ ሁላችንንም ከእግር እስከ ራስ አየችንና «በበረኪና? ለምን ካውያ አላስነካችኋቸውም?» አለች። ቢሆንም አዘነችልን። ከራሷ ገንዳ ውስጥ አንድ የቆሸሸ ስፖንጅ አውጥታ ከነውሃው በፌስታል ሰጠችን። «ይህን ያጠበ ሰው እዚህ ሱቅ አይመለስ» ብላ አክስቴን ብቻ አየቻት። አክስቴ እኔ ካልያዝኩት ብላ ተሟገተች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ያንን የሚሸት ጭቃ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ አውቶቡስ ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉ ያንጠባጥባል። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ ምን እንደሆነ ቢጠይቃት «መድኃኒት ነው፤ አንተም ቢሰጥህ ይሻልህ ነበር» አለችው። ቦታ ቀየረ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ብቻ ነበር። ጠዋት ከውሃው እናጎድላለን፣ በታከመ ውሃ እንተካለን፤ ማታም እንዲሁ። ባለቤቴ ቧንቧው ጋ፣ አክስቴ የባለቤቴን የላስቲክ ቦቲ አጥልቃ መሐል ላይ፣ እኔ ገንዳው ጋ ሆነን ባልዲ እንቀባበላለን። ክንዴ ዝሎ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ካውያ ጥዬ ከአለቃዬ ጋር የተነጋገርነውን ለሌላ ቀን ላቆይልሽ። በዚህ መሐል አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ «እኔ ልገላግላችሁ፣ መግቢያው ላይ በቀይ መብራት አስቀምጣቸዋለሁ» አለ። ባለቤቴ እኔን አየኝ። የሚያሳብብብሽ አንቺም ነበርሽ፣ ዛቻሽ ትኩስ ነበር። እኔ ግን ሰውየውን እስከ ደረጃው ሸኘሁት። በሽተኛን ጣር ላይ እያለ ከቤት ማስወጣት ከማን ቤት ተምሬ?

በመጨረሻ ጠብታው ወደ ቢጫው ተመለሰ። የሰፌድም ጠርዝ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ባለፈው እሑድ አክስቴ በረጅሙ መቆንጠጫ ትል ስትዘረጋላት መጥታ ላዩ ላይ ተኛችበት፤ ስትነሳ ትሉ የለም። አክስቴ ዓይኗን በእርጥብ እጇ ጠረገች። አሁን «ልጄ በላች?» እያለች ከቤቷ ትደውላለች። ለእኔ መብላት እንደዚህ ተጨንቃ አታውቅም።

እንግዲህ ወደ ዓይንሽ። ዛቻሽን ለአክስቴ ስነግራት ባልዲዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እህቴ ዓሣ የምትፈራ መሰለሽ? ቢላዋ ፈርታ ነው! ልጅ ሆና መርፌ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ጎትተን ነበር የምናወጣት» አለችኝ። ያኔ ሁሉም ገባኝ። እኛ ዘንድ መጥተሽ ዓይንሽን እንድትታከሚ የሐኪሙ ቀጠሮ ሲቆረጥ ጉልበቴ አልሽ። ጉልበትሽ ሲሻል ብርዱ አልሽ። ብርዱ ሲያልፍ እግዜር ዓሣ ላከልሽ። ሰፌድና ሰሃንን ዛሬ ባስወጣቸው ነገ ደረጃው፣ ከነገ ወዲያ ጎረቤቱ ይሆናል። ስለዚህ አላስወጣቸውም። ለፍርሃትሽ መሸሸጊያ አላበጅለትም።

ቀልድ አይደለም እማዬ። በር ላይ የተሰቀለውን የአባዬን ካፖርት ሰላም ብለሽ ስላልመለሰልሽ አኩርፈሽ እንደዋልሽ ሰምቻለሁ። ስስቅ ቆየሁ፤ ከዚያ አልሳቅሁም። ምድጃው ላይ እጅሽን እንዳቃጠልሽም ሰምቻለሁ፤ ይህን የነገረኝን ሰው አትፈልጊው፣ እያነበበልሽ ነው። ሐኪሙን ራሴ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። የዓይንሽ ሞራ ከቆየ እየጠጠረ፣ ሥራውም እየከበደ ይሄዳል አለኝ። አያስተኙሽም። ዓይንሽን በጠብታ ያደነዝዙትና ያወጡታል፤ በዚያው ቀን ቤታችን ትገቢያለሽ። ነቅተሽ ስለምትቆዪም ሐኪሙን እንደልማድሽ ማዘዝ ትችያለሽ፤ አስጠንቅቄዋለሁ። እኔ በሩ ላይ ነኝ። አክስቴ ማታ አጠገብሽ ትተኛለች። አልጋሽ ከሳሎኑ በወዲያኛው ክፍል ተነጥፏል፤ በሩም ይዘጋል፣ ዓሣ እጀታ አይከፍትም። ካንቺ የምፈልገው ቃል አንድ ነው፤ ቧንቧ የተያያዘበትን ነገር አታጥቢም።

ፋሻው ከተነሳልሽ በኋላ ገንዳው ፊት ወንበር አስቀምጥልሻለሁ። ያኔ ደህና አድርገሽ አይተሽ የፈለግሽውን ያህል ስደቢያቸው፣ ቃል አልመልስም። ሳታዪ መስደብ ግን አልፈቅድልሽም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ አንቺ በሌለሽበት ጊዜ መድኃኒቱን የምትቆጣጠረው የወንድሜ ባለቤት ናትና ምላሱን ማንሳት ይልመድ። ለእሷም የከበረ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ይህን ሹመት ሳላማክራት ስለሰጠኋት ይቅር ትበለኝ። ልጆቿን አገላብጣችሁ ሳሙልኝ። ግድግዳ የሚጋሯችሁን ባልቴት ሰላም በሉልኝ፤ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ይህን እየሰሙ ከሆነም፣ እንደምን አሉ እማማ? ባለቤቴ እጅ ነስቷል። አክስቴም «እህቴን በጣም ሳሚልኝ፣ ፈሪ ናት በይልኝ» ብላለች፤ እኔ አድራሽ ነኝ።

ወንድሜ፣ አንብበህ ስትጨርስ ልትመልስልኝ ብዕር አትፈልግ። ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርድና እጇን ይዘህ አምጣት።

ልጅሽ፣ ግትርነቷን ካንቺ የወረሰችው

ከኮሪደሩ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ
ኅዳር ፲፬ ቀን