በወይዘሮ ጎስሊንግ ማሳ ላይ ስለ ተተከለው ታፔላ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ኦብሪ ሃላም
የማርላም ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር
ማርላም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይም ስለ ጉልበትዎ እጠይቃለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከቢሮዎ እስከ መንደራችን እስከ ታስክሊ ያለችውን፣ አውቶቡስ እንኳ ሳይቸኩል የሚደርስባትን መንገድ መሄድ እንዳልሆነልዎ ስላየሁ፣ አንዳች ሕመም አግኝቶዎት ይሆን እያልኩ ብርዱን በሙሉ ስሰጋ ነው የከረምኩት። የባለሙያዎችዎ ጤና፣ የመኪናዎ ጤና፣ የስልክዎም ጤና እንደዚሁ ያሳስበኛል። ሁላችሁም ደኅና ሆናችሁ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው፤ በፖስታ የላክኋቸው አላገኟችሁምና።

ኢሞጅን ስትረት እባላለሁ። ባለፈው ዓመት በአርኪዮሎጂ ተመርቄ፣ ሙዚየምዎ ላወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ሁሉ ያመለከትኩ፣ የጽዳቱን ጨምሮ፣ እኔ ነኝ፤ ስሜን አይተውት እንደሆነ ምናልባት ከዚያ ያስታውሱኝ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድን የማሳልፈው የአውቶቡስ ሹፌር ከነበረው ከአጎቴ ከኒጄል ጋር፣ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዤ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አዝመራው በተነሣለት ማሳ ላይ አንገቴን ደፍቼ በመመላለስ ነው። የምናገኘው ብዙውን ጊዜ የጥይት ቀለህ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ አናት ላይ ተስባ የምትነሣው መክፈቻ ናት። ይህች መክፈቻ በማዳመጫው ውስጥ ስትጮኽ ከወርቅ ስለማትለይ፣ በተንበረከክን ቁጥር እየጓጓን፣ በተነሣን ቁጥር እየሳቅን፣ ከፔርሙሳችን ሻይ እየቀዳን ስንዞር እንውላለን። ሌላ ሰው ይህን መዝናኛ ላይለው ይችላል።

ባለፈው መስከረም፣ ገብሱ ታጭዶ እንዳበቃ፣ በወይዘሮ ኢዲዝ ጎስሊንግ ማሳ ጥግ ላይ አንድ ወፍራም፣ የማይቆራረጥ፣ ከሥር የሚመጣ ድምፅ ሰማሁ። ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት አልፌ ስወርድ አረንጓዴ ከንፈር ታየኝ፤ የጎድጓዳ የነሐስ ሳሕን ከንፈር ነበር። ሳሕኑ ቀጥ ብሎ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ ይዞ እንዳስቀመጠው ተቀምጧል። በውስጡ ደግሞ የተጠቀለለ ነገር ጫፍ ጠቆር ብሎ ይታይ ነበር። ጨርቅ ይሁን ቆዳ፣ ምን እንደተጠቀለለበትም፣ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

አጎቴ ኒጄል አጠገቤ በደረቱ ተኝቶ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ለመነኝ።

«ኢሚ፣ ትንሽ ብቻ ጫር አድርጊው። ምን እንደተጠቀለለ ብቻ አይተን እንመልሰዋለን።»

«አጎቴ፣ እጅህን ሰብስብ።»

«በጣቴ ጫፍ ብቻ!»

«አንዴ ካነሣነው ሳሕን ብቻ ነው የሚሆነው። ካልነካነው ግን ማን አስቀመጠው፣ ለምን አስቀመጠው የሚለው ሁሉ አብሮት አለ። የሙዚየሙ ሰዎች ይመጣሉ። ሥራቸው ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ክቡር ሆይ። ደንቡን የተማርኩት ከእናንተው ብሮሹር ነው፦ ጥንታዊው ሰው ባስቀመጠው ቦታ ሳይነቃነቅ ያገኙትን አይንኩ፣ ፎቶ አንሥተው አፈሩን መልሰው ያልብሱት፣ ይደውሉ። ፎቶ አነሣሁ፤ አፈሩን በእጄ መልሼ አለበስኩት፤ ደወልኩ። አጎቴ ከመሬት ሲነሣ ጉልበቱን እያራገፈ «እሺ፣ አንቺ ነሽ የተማርሽው» አለ፤ እኔም ያን ቀን ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ላደረጋችሁልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ትዕግሥት ስላስተማራችሁን። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በጣም ትሑት ነበረች፤ ባለሙያችሁ «በቅርቡ» እንደሚመጣ፣ እስከዚያውም ወይዘሮ ጎስሊንግ ያቺን ጥግ እንዳያርሷት ነገረችን። ሁለት ሺህ ዓመት እንደ ትናንት በሚቆጠርበት ቤት «በቅርቡ» ምን ያህል እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ወይዘሮ ጎስሊንግ ማሳቸውን አርሰው ስንዴ ሲዘሩ ትራክተራቸውን በዚያች ጥግ ዙሪያ አዞሩት፤ ስንዴው በቅሎ አረንጓዴ ሲሆን ጥጓ ብቻ እንደ ተላጨ ጭንቅላት ራቁቷን ቀረች። ሰው ሁሉ ከመንገድ ያያታል። ደግሜ ልደውል ስል ወይዘሮዋ «ተይ ልጄ፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ አስቸገሩን እንዳይሉን» አሉኝ። እኛ የታስክሊ ሰዎች ቤታችን ቢቃጠል እንኳ እሳት አደጋ ለመጥራት ከፊታችን ሌላ ሰው ካለ ወረፋ የምንጠብቅ ነን፤ ስለዚህ ጠበቅን። ከዚያ ግን ደወልኩ። ከዚያም ጻፍኩ። ከዚያም ሁለቱንም አደረግሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምስጢር ጠባቂነት። ለማንም እንዳንናገር አጥብቃችሁ ስላዘዛችሁን፣ በመንደሩ መጠጥ ቤት የሚደርስብንን ሁሉ በጸጋ ተቀበልን። ባለቤቱ ባርናቢ በገባን ቁጥር ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «እንኳን ደኅና መጡ የቆርቆሮ ንጉሥና ንግሥት! ዛሬስ የኮካ ነው የቢራ?» ይለናል። አጎቴ ያን የመሰለ ምስጢር በሆዱ ይዞ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ «የቢራ ነው፣ ባርናቢ፤ አንተ የምትሸጠው ዓይነት፣ ማንም ጠጥቶ የማይጨርሰው» እያለ አብሮ ሲስቅ ከረመ። ለጥንቃቄም ብሎ አሮጌ መኪናውን በማሳው በር ላይ እያቆመ፣ ውስጧ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሮ ነበር። እናንተም ይህን ስትሰሙ፣ ወደ ሥፍራው አዘውትሮ መሄድ «አላስፈላጊ ትኩረት ሊስብ ስለሚችል» ከዚያ እንድንርቅ በኢሜይል መከራችሁን። ይህ በከረምንበት ጊዜ ሁሉ በፍጥነት የመለሳችሁት ብቸኛ ኢሜይል በመሆኑ በክብር አስቀምጬዋለሁ። አጎቴም መኪናውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሦስተኛ፤ ስለ ታፔላው፤ ዋናው ምስጋናዬም እዚህ ላይ ነው።

ወይዘሮ ጎስሊንግ በመጨረሻ ራሳቸው ደውለው፣ የእናንተው ሰው «ሁለት ሰዎች እየላክን ነው» ሲላቸው፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ሊመጡ ነው ብለው የሎሚ ኬክ ጋገሩ። እኔንም ጠሩኝ፤ ትንሿን መቆፈሪያዬን አጥቤ፣ የመንበርከኪያ ሱሪዬን ለብሼ፣ ለፈተና እንደምትቀርብ ተማሪ ሄድኩ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ጎረምሶች መጡ። ኬኩን በሉ፤ አመሰገኑ፤ ቦታው በትክክል የት እንደሆነ ጠየቁኝና አሳየኋቸው። ከዚያ ከመኪናቸው ታፔላ ያለበት አንድ ምሰሶ አውርደው ተከሉ።

ወይዘሮዋ ጥቂት ተመልክተው፣ «ታዲያ ልጆች፣ መቼ ነው የምትቆፍሩት?» አሉ።

«ቆፈርን እኮ፣ እማማ። ለምሰሶው።»

«ሳሕኑንስ?»

«ሳሕኑን አጥበን እናስቀምጥልዎት?» አለ አንደኛው፣ የኬኩን ሳሕን መስሎት።

በጥብጣብ የተከለለው፣ በነጭ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው፣ የሙዚየምዎ ዓርማ በግርጌው ያለበት ያ ታፔላ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በግልጽ ይነበባል፦ «ጥብቅ ማስጠንቀቂያ! በዚህ ሥፍራ ከፍተኛ ጥንታዊ ቅርስ ተቀብሮ ይገኛል። መቆፈር በሕግ ያስቀጣል።» ክቡር ሆይ፣ ሌባም እንደኛው ሰው ነው፤ ወገቡን ያመዋል፣ ጭቃ ያዳልጠዋል፣ ማዳመጫ ጆሮውን ያሳክከዋል። እናንተ ባትደርሱለት ኖሮ ያን ሁሉ ማሳ አንገቱን ደፍቶ መዞር፣ የቆርቆሮ መክፈቻም እያወጣ መማረር ነበረበት። እኛ ከዓመት ዓመት የምንደክምበትን ሥራ በአንድ ምሰሶ አቃለላችሁለት። መንግሥት ለዜጋው እንዲህ ሲያስብ ማየት ያጽናናል።

ታፔላው በተተከለ በሳምንቱ ገደማ፣ አንድ ጠዋት፣ ወይዘሮ ጎስሊንግ ውሻቸውን ይዘው ወጥተው ለአጎቴ ደወሉለት፤ ድምፃቸው ደስታ የተሞላ ነበር። «ኒጄል፣ ሰዎቻችሁ በመጨረሻ መጥተው ቆፈሩ! ምነው ግን በሬን ሳያንኳኩ ሄዱ? ኬክ ነበረኝ እኮ።»

ሄደን አየን። ጉድጓዱ በአካፋ የተቦጨቀ ነበር። በሸክላው አፈር ላይ የሳሕኑ መቀመጫ ክብ ሆኖ ታትሟል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለበት ቀርቶበታል። የተጠቀለለው ነገር ለሌቦቹ ምንም ስላልመሰላቸው አራግፈው ጥለውት፣ በቦት ጫማ ረግጠውት ነበር። ቁርጥራጩን ከጭቃው ላይ በጣቴ አነሣሁት። ሽመና ነበረው፤ አየሁት፤ ክር በክር ላይ ሲያልፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሣጥን ፍለጋ ዞር ስል ደረቀ፣ ተፈረፈረ፣ ነፋስ ወሰደው። ምን ተጠቅልሎበት እንደነበረ፣ ማን እንደጠቀለለው፣ ከእንግዲህ እርስዎም አያውቁትም፣ እኔም አላውቀውም፣ ሳሕኑን የሚሸጠውም አያውቀውም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የኃይል ሰጪ መጠጥ ቆርቆሮ ተጥሏል፤ መክፈቻው አጠገቡ ወድቋል።

አጎቴ «ብዬሽ ነበር» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ከፔርሙሱ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝና ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ወይዘሮ ጎስሊንግም የማሳቸውን በር በሰንሰለት አሰሩት። «ተቀይሜሽ አይደለም፣ ልጄ። ግን ከእንግዲህ እዚህ ማሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ማየት አልፈልግም» አሉኝ።

አራተኛ ብዬ ባልቆጥረውም፣ የመጨረሻ መልሳችሁን ሳላነሣ ማለፍ ነውር ይሆናል። ዕቃው ለምርመራ ስላልቀረበ ጉዳዩ መዘጋቱን ገልጻችሁ፣ «ላሳዩት የኃላፊነት ስሜት» በሚል የምስክር ወረቀት ላካችሁልኝ። አጎቴ በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አድርጎ፣ «ጥሩ ወረቀት ነው፤ ወፍራም ነው» ብሏል። ከብሮሹሩም ሌላ ቅጂ አያይዛችኋል፤ ደንቡን እንዳልረሳው ይሆናል።

አልረሳሁትም። የሚያስቸግረኝም እሱ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ አይቀመጥም፤ መሣሪያውን ኃይል ሞልቼ አድራለሁ፤ ሌላ ማሳ ፍለጋ የሌላ ባለቤት ደጅ እጠናለሁ፤ ለእናንተም ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ካሁን በኋላ ተስፋ አድርጌ አይደለም። አንድ ቀን ያ ወፍራም ድምፅ እንደገና ይመጣ ይሆናል። አረንጓዴው ከንፈር ብቅ ሲል፣ አጎቴ በደረቱ ተኝቶ «ትንሽ ብቻ» ሲለኝ፣ ምን ብዬ እንደምመልስለት እርስዎ ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም። «ይመጣሉ» የሚለውን ቃል ግን ከእንግዲህ ከአፌ ማውጣት አልችልም።

ጉልበትዎን ፈውስ፣ ወንበርዎን ምቾት፣ ደጅዎንም ጸጥታ አያሳጣብኝ እያልኩ፣ በጭቃ በተለወሰ እጄና ባልተቀነሰ አክብሮቴ እሰናበትዎታለሁ።

የኃላፊነት ምስክር ወረቀት ባለቤት፣ የባዶ ጉድጓድ ፈላጊ፣
ኢሞጅን ስትረት
ታስክሊ

ማሳሰቢያ፦ ሌቦቹ ታፔላውን አልወሰዱትም። ጎንበስ ብሎ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሟል፤ የወይዘሮ ጎስሊንግ ትራክተርም አሁን የሚዞረው እሱን ነው። የሰው እጅ ካስቀመጠው ቦታ ያልተነቃነቀ ብረት ሆኖ ስላገኘሁት፣ በደንቡ መሠረት አልነካሁትም፤ ከመንገድ ላይ ፎቶ አንሥቼ ለቢሮዎ አሳውቄያለሁ። ባለሙያዎን በቅርቡ እንጠብቃለን።