ባርኮት የያዘው እንቁላል

ወንዴ፣ እንዴት ከረምክ?

ከመሥሪያ ቤት ሐረር የላኩኝ፣ በቀን አንድ እንቁላል ልጆችን ያፋፋል ያለው ጥናታችን ሕይወት መቀየሩን በፎቶ እንዳሳይ ነው። ጥናቱስ እውነት ነው። ባርኮትን ጥናቱ ሲጀመር ፎቶ ሳነሳው አንገቱን ቀና ማድረግ ያቃተው ልጅ ነበር፤ አሁን የጀጎልን አቀበት ጥሎኝ ይሮጣል።

እንቁላል ሲበላ ላነሳው ቤታቸው ብሄድ ፍልሰታ ሆኖ ጠበቀኝ! አለቃችን ቀኑን የቆረጠው ገንዘብ ለሚሰጡን የውጭ እንግዶቹ እንዲመቻቸው ብሎ ነዋ። ልጆችህን በፍልሰታ እንዴት እንደሚያደርጋቸው ታውቃለህ፤ ባርኮትም "ቆራቢ ነኝ!" ብሎ አፉን በሁለት እጁ ከደነ። ጎረቤታቸው ሶፍያ "ወላሂ የኔ ልጅ አይጾምም፣ እሱን አንሺው" ብላ ልጇን ብታቀርብልኝ፣ አለቃችን በስልክ "የሚፈለገው የድሮው ፎቶ ላይ ያለው ልጅ ነው! አንድ ነገር ፍጠሪ" አለኝ።

ፈጠርኩ። እናቱ ንግሥት ድንች ቀቀለችልኝ፣ እኔ ልጬና ጠርቤ እንቁላል አስመሰልኩት። እንግዶቹ ፎቶውን ሲያዩ አጨበጨቡ፤ ይኸው ይህን የምጽፍልህበትን ፖስት ካርድ አድርገው አሳተሙት። ባርኮት ግን ካርዱን ትክ ብሎ አይቶ "ጾም ገደፈ ልትዪብኝ ነው?" አለኝ።

ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ካርዱን ስታሳያቸው ግን አደራህን ንገርልኝ፤ በእጁ የያዘው ድንች ነው፣ ባርኮት አልገደፈም።

ገላነሽ